እስማማለሁ የሚመዘንበት አገር

ሌሊቱን ሕልም ሲያንከራትተኝ አደረ። ሕልም ነው የምለው አሁን ነቅቼ ነው እንጂ፣ እዚያው ውስጥ ሳለሁ አንዳች የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ከትምህርት ቤታችን ስብሰባ የበለጠ እውነት ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ግን ምን ይዤ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። የውብዳር እባላለሁ። ደሴ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዲፕሎማ አለኝ፣ ዲግሪ የለኝም። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ዲግሪ የሌለው አስተማሪ ክፍል አይገባም፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ ጠመኔ ያድላል ተባልን። እኔ ደግሞ ከልጆቼ ተለይቼ ጠመኔ የማድል ሰው አይደለሁም። ባል ሞቶብኛል፣ የወለድኩት የለኝም፤ ያኖሩኝ እነዚያ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዲግሪውን በኦንላይን ጀመርኩ። ሌላውን ኮርስ ሁሉ እንደምንም አለፍኩት፤ የምርምር ዘዴ የሚባለው አንዱ ብቻ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ሦስተኛ ከጣለኝ ከፕሮግራሙ መሰናበት ነው። የሦስተኛው ፈተና ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

በዚህ ትምህርት ፎረም የሚባል ነገር አለ። ተማሪዎች በጽሑፍ የሚወያዩበት መድረክ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ አንድ ሐሳብ ይጽፋል፣ የሁለት ጓደኞቹን ሐሳብ አንብቦ ይመልሳል። ከመቶው ሠላሳ ነጥብ በዚህ ይያዛል። ሕጉን ያወጣው ሰው የእኛን አገር ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። እኛ ሰውን በአደባባይ «ተሳስተሃል» ከምንል ጥርሳችን ቢነቀል ይቀለናል። ስለዚህ ሁላችንም የምንመልሰው አንድ ቃል ነው፦ እስማማለሁ። ትንሽ ከፍ ማለት የፈለገ «ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ» ይላል። ሁልጊዜ ቀድመው የሚስማሙት አቶ እንድሪስ ናቸው፤ ከሐይቅ ሆነው የሚማሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ርእሰ መምህር፣ የሁላችንም ታላቅ። እሳቸው አንዴ ከተስማሙ በኋላ ሌላ ሐሳብ ይዞ ብቅ ማለት፣ ታላቅ ሰው ጎርሶ ሳይጨርስ ማዕድ እንደ ማንሳት ነው።

የዚህ ሳምንት ርእስ ራሱ ፎረሙ ነበር። የኮርሱ መማሪያ ሞጁል «በውይይት መድረክ ላይ ብዙ የጻፉ ተማሪዎች ከፍ ያለ ውጤት አምጥተዋል» ይልና እዚያ ላይ ዝም ይላል። እኔ እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። ሰዎቹ ያለፉት ስለጻፉ ነው? ወይስ ድሮም የሚያልፉት ናቸው የሚጽፉት? ክፍሌ ውስጥ እጃቸውን የሚያወጡት ልጆች ያውቃሉ። ግን እጅ በማውጣት ነው ያወቁት? ያንን ዝም የሚለውን ልጅ እጁን ይዤ ወደ ላይ ባነሳለት ያውቃል? ሞጁሉን ደጋግሜ አነበብኩ፤ መልስ የለም። ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ ይኸው ዓይነት ጥያቄ ነው። በመጨረሻ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ፎረሙ ላይ ጻፍኩት፣ «እባካችሁ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ» ብዬ ለመንኩ፣ ስልኬን ትራሴ ሥር ከትቼ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

መምህራን ሁሉ ተሰልፈው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ተማሪዎቹ እየዞሩ ጥፍራችንን ያያሉ። ርእሰ መምህራችን ጥፍራቸው አድጎ ስለተገኘ ባንዲራው ሥር ተንበርክከዋል፤ ኮታቸው ላይ አቧራ እንዳይነካባቸው ጫፉን በጥርሳቸው ይዘውታል። ከበሩ በላይ በትልቁ «ከመማር መጠምጠም ይቅደም» ተብሎ ተጽፏል። አንዱም ሰው አልገረመውም፤ እኔም አልገረመኝም።

ጥፍር የምታየው ሰሚራ ነበረች። ሰሚራ ተማሪዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ስሟን ስጠራት ጠረጴዛ ሥር ልትገባ የምትደርስ ልጅ ናት። አሁን አለንጋ ይዛለች።

«እጅሽን!» አለችኝ።

ዘረጋሁላት።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም አልያዝኩም።»

«ነጠላሽ ውስጥ የሚንጫጫው ታዲያ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ጥያቄዬ ዶሮ ሆና ብብቴ ሥር ተወሽቃለች። ቀይ ዶሮ ናት፤ አንገቷ ላይ ላባ የላትም። አፏን ከፍታ «ወይስ? ወይስ? ወይስ?» ትላለች። አፏን በእጄ ብይዘው በጣቶቼ መሃል «ወይስ?» አለች።

«ጥያቄ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለች ሰሚራ። «እዚህ የሚገባው መልስ የያዘ ሰው ብቻ ነው።»

«መልስ ቢኖረኝማ ጥያቄ እይዝ ነበር?»

«እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው። ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነይ።»

«እናቴ እኮ ሞታለች።»

«እንግዲያው ዛሬ ይምጡ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

በዚህ መሃል ደወል ተደወለ። ደወሉን የሚደውለው ሰውየው አይደለም፤ ራሱ ደወሉ በገመዱ ሰውየውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይነቀንቀዋል። ከደወሉ ውስጥ «ፈተናው ሊዘጋ ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ። «ገና መች ተከፈተ?» ብዬ ጮህኩ። ሰሚራ ሳቀችብኝ። እዚህ አገር ፈተና የሚከፈተው ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ይህንን የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ እንኳ ያውቃል አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «ዶሮሽን የሚፈታልሽ ከፈለግሽ ፎረም ሂጂ። ፒያሳ ነው ያለው። ሩጪ» አለችኝ።

መሮጥ ጀመርኩ። መንገዱ ግን ቁልቁለቱ ላይ እያስለከለከኝ ዳገቱ ላይ ያንሸራትተኛል። ጦሳ ተራራ ከቦታው ወርዶ አስፋልት ዳር ተቀምጧል፤ እግሩን ዘርግቶ ጫማ ያስጠርጋል። ጠራጊዎቹ ኮትና ክራባት የለበሱ የባንክ ሰዎች ናቸው። ጦሳ ስልኩን እያየ «ቶሎ በሉ፣ ደመና ቀጥሬያለሁ» ይላቸዋል።

አንድ ባጃጅ አስቆምኩ። ባጃጁ ሹፌሩ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የመጣው። ሹፌሩ አጎንብሶ እየነዳ፣ ማለቴ እየተነዳ፣ «ሞልቷል! አንድ ሰው ይውረድልንና እንሂድ!» ይላል። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ እየወረዱ ሒሳብ ተቀበሉ። ባዶ ሲሆን እኔን አስገባኝና፣ ባዶ ስላልሆነ ተናደደ።

«ወዴት ነሽ?»

«ፎረም። እባክህ ፈተናዬ ሊዘጋብኝ ነው።»

«ለፎረም ከሆነ ወደ ኋላ ነው የሚኬደው» አለና፣ ወደ ፊት ሄደ።

ዶሮዋ አላስቀምጥ አለችኝ። ክንፏን እያራገበች፣ ጉንጬን እየነካካች «ወይስ? ወይስ?» ትላለች። ሹፌሩን ልጠይቀው ወሰንኩ። ሲደክም የሚያልበው ነው የሚያገኘው ወይስ የሚያገኘው ነው የሚያልበው ብዬ ጀመርኩና ነገሩ ተምታታብኝ። እሱ ግን አላስጨረሰኝም።

«እስማማለሁ እህቴ» አለኝ።

«በምኑ?»

«በሁሉም። እኔ ከሰው ጋር ፀብ አልወድም።»

ፎረም የሚባለው ቤት ወለሉ ላይ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው ላይ ወንበር አለው። ውስጡ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። የሚያዳምጥ አንድም ሰው የለም። በሩ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች አህያ ሚዛን ይዛ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ሰዎች ጭነት ተጭነው በሰልፍ ቆመዋል፤ በጀርባቸው ያለው ጆንያ ቃል ነው። አንዱ ጆንያ ተቀዶ ነበርና «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል እየተንጠባጠበ ወለሉን ሸፍኖታል። እግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ።

«ተራ!» አለች አህያዋ። «እኔ የጥራት ማረጋገጫ ባለሙያ ነኝ። ምን ይዛችኋል?»

ከፊቴ የነበሩት አቶ እንድሪስ ናቸው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ፎረሙ ላይ ባለችው ትንሽ ፎቶ ነው የማውቃቸው፤ በሕልሜ ግን ወዲያው ለየኋቸው። አራት ጆንያ ተሸክመዋል፤ ጎበጥ ብለዋል እንጂ ፊታቸው ደስተኛ ነው።

«ሰላምታ ነው የያዝኩት፣ እመቤት አህያ» አሉ። «እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ ዝናቡ እንዴት ነው የሚል አለ። አራተኛው ጆንያ ንጹሕ እስማማለሁ ነው። ገለባ የለውም።»

አህያዋ አንድ ፍሬ እስማማለሁ አንስታ በጥርሷ ሰበረችው፣ አላመጠችው፣ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። ሚዛኑ ላይ ስታወጣው ሚዛኑ መሬት ነካ። «ከፍተኛ ማዕረግ!» አለች። አቶ እንድሪስ በዚያው ቅጽበት ረዘሙ። ጉልበታቸው እኔ ትከሻ ላይ ደረሰ። ሱሪያቸው አጭር ቀረባቸው።

«አብሽሪ የውብዳር» አሉኝ ከላይ ሆነው። «እኔ እስማማልሻለሁ።»

የእኔ ተራ ደረሰ። ዶሮዋን ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ሚዛኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። አህያዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ጥያቄ ናት።»

«ጥያቄ እኮ ይቀንሳል! ከነበረሽ ላይ ነው የሚነሳው።» ዞር ብላ ወደ ሰልፉ ጮኸች፦ «ይቺ ሴትዮ ጥያቄ ይዛ መጥታለች!»

ሰልፈኛው ከእኔ ራቅ አለ። አንዲት ሴት ልጇን በቀሚሷ ሸፈነች። እኔም ትንሽ አጠርኩ፤ ሚዛኑ ቀድሞ ደረቴ ላይ ነበር፣ አሁን ግንባሬ ጋ ሆነ። ክፍሌ ታየኝ፤ ልጆቹ በሩን አተኩረው እያዩ ይጠብቁኛል፣ እኔ እያነስኩ እያነስኩ ከደጃፉ ደረጃ በታች ሆኜ አልታያቸውም። ደወሉ እንደገና «ሊዘጋ ነው!» አለ።

ያኔ ነው ዶክተር ልዑልሰገድን ያየሁት። የኮርሱ መምህር ናቸው። እሳቸውንም የማውቃቸው በፎቷቸው ብቻ ስለሆነ፣ በሕልሜ ፊታቸው እንደ ፎቶው ክብ ነበር፤ ከአንገታቸው በታች ደግሞ ምንም የተወሰነ ነገር አልነበራቸውም፤ አንዴ ኮት፣ አንዴ ካፖርት፣ አንዴ መጋረጃ ይሆናሉ። ጥግ ላይ ብቻቸውን ቆመው ለሚያልፈው ሰው ሁሉ እጅ ይነሣሉ።

«ጥያቄ አለዎት?» ይሉታል ያገኙትን ሁሉ። «እባክዎ ጥያቄ የለዎትም? ትንሽም ብትሆን?»

ሰዉ «እስማማለሁ» እያላቸው ያልፋል።

ሮጬ ሄድኩ። «ዶክተር! እኔ አለኝ! ይኸው!»

ዶሮዋን ሲያዩ ክብ ፊታቸው እንባ አቀረረ። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ አንገቷን ዳበሱላት። «ይቺን ስጠብቅ እኮ ነው የሸበትኩት» አሉኝ። «ሁሉም ይስማማልኛል። ትዳሬም ተስማምቶ ተስማምቶ ነው የፈረሰው። ምን ነበር ጥያቄሽ፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። እያቋረጥኩ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ ስለጻፉ ነው ያለፉት ወይስ የሚያልፉት ናቸው የሚጽፉት አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። መልሱን እንደሚያውቁት ዓይናቸው ውስጥ አየሁ፤ እዚያ ውስጥ አጭር፣ ግልጽ የሆነ፣ አራተኛ ክፍል ልጅ የሚገባው መልስ ነበር። ከደስታዬ ብዛት እጃቸውን ሳምኩ።

«በጣም ቀላል ነው» አሉ። «ነገሩ እንዲህ ነው፦»

አህያዋ ከኋላ መጥታ ትከሻቸውን በሰኮናዋ ነካች። «ዶክተር፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ለሁለት ጓደኞችዎ ምላሽ መስጠት አለብዎት። ሕግ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ…»

«ሕግ ነው።»

ዶክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ «እስማማለሁ» ነበር። ደነገጡ። በእጃቸው አፋቸውን ይዘው እንደገና ሞከሩ፤ «እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» አሉ። ዓይናቸው ግን እየለመነኝ ነበር። እኔም አፋቸው ውስጥ እጄን ልከትና መልሱን ላወጣው ቃጣኝ፤ ግን እሳቸውም ሽቅብ እየረዘሙ፣ እየረዘሙ ሄደው ፊታቸው ከጣሪያው አምፖሎች ጋር ተቀላቀለ፤ የትኛው አምፖል እንደሆኑ መለየት አቃተኝ። ዶሮዋ ከላይ ወደቀችብኝ።

አዝኜ ሳይሆን ተናድጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው። ረጃጅሞቹ ያለማቋረጥ ያወራሉ፤ አጫጭሮቹ ዝም ብለዋል። አህያዋ ለረጃጅሞቹ በሩን እየከፈተች «አለፍክ፣ አለፍሽ» ትላለች። በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ጥያቄዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል! እነዚህ ሰዎች ስላወሩ ነው የረዘሙት? ወይስ ረጃጅም ስለሆኑ፣ ድምፃቸው ስለሚሰማ ነው የሚያወሩት? አቶ እንድሪስ ሲረዝሙ አይቻለሁ፤ ግን እሳቸው ሲገቡም አጭር ሰው አልነበሩም። ማወቂያው አንድ ብቻ ነው። ዝም ያለ አጭር ሰው ፈልጌ ማናገር። ከረዘመ መልሱን አገኘሁ። ካልረዘመም አገኘሁ።

ዶሮዋ ፀጥ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሰው እግር መሃል እየተሹለከለክሁ ፈለግኩ። በመጨረሻ አንድ ዓምድ ሥር ወንድማገኝን አገኘሁት። ወንድማገኝ የኮርስ ጓደኛችን ነው፤ የስም ዝርዝራችን ውስጥ አለ፣ ግን ፎረሙ ላይ አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። አንዳንዶቻችን ሞቷል ብለን እናስብ ነበር። በሕልሜ የበርጩማ ያህል ቁመት አለው፤ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ወንድማገኝ፣ ተናገር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ለማለት።

«አንዲት ቃል ብቻ። ምንም ይሁን። ስምህን በል።»

በጣቱ ወደ አቶ እንድሪስ አመለከተ። ታላቅ እያለ እንዴት ማለቱ ነው።

«እሳቸው ፈቅደዋል! አቶ እንድሪስ፣ ይፈቅዳሉ አይደል?»

«እስማማለሁ!» የሚል ድምፅ ከጣሪያው መጣ።

ወንድማገኝ ጉልበቱን ይበልጥ አጥብቆ አቀፈ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም በሚል አስተዳደግ ያደገ ልጅ እንደሆነ ከአቀማመጡ ያስታውቃል። ለመንኩት። በእናትህ አልኩት። ልጆች አሉኝ፣ የራሴ አይደሉም ግን የእኔ ናቸው፣ ካልተናገርክ ሊነጥቁኝ ነው አልኩት። ደወሉ ያለማቋረጥ መጮህ ጀመረ፤ አህያዋ በሮቹን በኋላ እግሯ እየረገጠች ትዘጋለች፤ ረጃጅሞቹ ሰዎች ከላያችን እንደ ባሕር ዛፍ ይወዛወዛሉ። ነጠላዬን አውልቄ ጫፉን መሬት ላይ በእግሬ ያዝኩ፣ ሌላውን ጫፍ አናቱ ላይ አደረግኩ፤ መለኪያ ይሁነኝ ብዬ።

ወንድማገኝ ቀና ብሎ አየኝ። ያሳዘንኩት መሰለኝ። ምራቁን ዋጠ። ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ጥርሱ ታየ፣ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ነጠላው ከእጄ ሳብ ያለ መሰለኝ። እሱ ረዝሞ ነው ወይስ እኔ አጥሬ? ልለይ ጎንበስ አልኩ፣ ዓይኔን አናቱ ጋ አስጠጋሁ፣

ስልኬ ጆሮዬ ሥር ነዘረ።

ነቃሁ። ነግቷል። ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ብርድ ልብሱ እግሬ ላይ ተጠምጥሟል። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ የስልኬ ስክሪን ከላይ እስከ ታች ለጥያቄዬ በመጣ መልስ ተሞልቷል። እግዜር ይስጣችሁ አልኩ ድምፄን አውጥቼ። ሰው ከንቱ አይደለም አልኩ። ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የአቶ እንድሪስ ነው። «ክብርት መምህርት የውብዳር ባነሱት እጅግ ጠቃሚ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።»

ሁለተኛው «እኔም ከአቶ እንድሪስ ጋር እስማማለሁ» ይላል። ሦስተኛው «ከላይ ከተባለው የሚጨመር የለም፤ እስማማለሁ።» አንዲት ከኮምቦልቻ የምትማር ሴት «ግሩም ሐሳብ ነው እኅቴ፣ በርቺ» ብላ ሦስት አበባ አድርጋልኛለች። አወረድኩት፣ አወረድኩት። ሁሉም ተስማምተዋል። እኔ እኮ ይህ ነው ወይስ ያ ነው ብዬ ነው የጠየቅኩት። በጥያቄ ላይ እንዴት ይስማማል ሰው? ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ቃጥቶኝ ነበር።

ከሁሉም በታች አንድ ለየት ያለ አገኘሁ። ወንድማገኝ ነው። ከተመዘገበ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ነገር፦ «እኔም አልገባኝም።» ከሥሩ ሲስተሙ ራሱ በቀይ «ምላሽዎ አጭር ስለሆነና ሐሳብ ስለሌለው ነጥብ አላገኘም» ብሎታል። ለዚህ ሰው አዘንኩ፤ ወደድኩትም።

ከዚያ የዶክተር ልዑልሰገድ መልእክት ገባ። በእውነቱ ዓለም ፎረሙ ላይ ሲጽፉ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ውድ ተማሪዎቼ» ይላል። «ይህን ኮርስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ የደመቀ ውይይት አይቼ አላውቅም። በወ/ሮ የውብዳር ጥያቄ ላይ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ስለተስማማችሁ፣ ጉዳዩ በሚገባ እንደገባችሁ ተረድቻለሁ። ሁላችሁም የውይይቱን ሙሉ ነጥብ አግኝታችኋል። በዚሁ መሠረት የዛሬውን ፈተና ቀይሬዋለሁ፤ የቀረው ሰባ ነጥብ በሙሉ ይህንኑ ጥያቄ በማብራራት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። መልካም ዕድል።»

ደግሜ አነበብኩት። እንደገና ደገምኩት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰሚራን አሰብኳት፤ ከጠረጴዛው ሥር ቀና ብላ ጠመኔ ስሰጣት የምታየኝ መሰለኝ።

ስልኩ በእጄ ላይ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የውብዳር ልጄ! እንድሪስ ነኝ፣ የሐይቁ እንድሪስ። ቁጥርሽን ከኮምቦልቻዋ ልጅ ነው ያገኘሁት። እንደምን አደርሽ? ቤተሰብ ደኅና? ደሴ ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። አብሽሪ፣ ፈተናውን በአላህ ፈቃድ እናልፈዋለን። ያንቺ ጥያቄ ሆኖልን የለ!» ድምፃቸው ቀስ አለ፤ ከክፍል ወጥተው በር የዘጉ መሰለኝ። «እስቲ ነውር ካልሆነ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። አሁን እኛ የተስማማነው በምኑ ላይ ነው?»